መሰላሉን ያቆምኩት እኔ ነኝ

ሰፈሩ ምላጭ ነው የሚለኝ። ፊት ለፊት የሚደፍር የለም እንጂ ከጀርባዬ ሌላ ስም የለኝም። አልቀየምም። ያየሁትን እንዳየሁት እናገራለሁ። ሙሽራም ብትሆን ቀሚሱ ካላማረባት አላማረብሽም እላታለሁ፤ ለቅሶ ቤትም ቢሆን ሟቹ ክፉ ከነበረ ዝም እላለሁ እንጂ ደግ ነበር አልልም። ባሌ ለመጣ እንግዳ ሁሉ «ይህቺ ሴት ከተፈጠረች ውሸት አልቀመሰችም፤ ብትቀምስ ኖሮ እኔንም አንድ ቀን ታሞግሰኝ ነበር» እያለ ይስቅብኛል። እኔም ከዚህ ሌላ የምኮራበት ነገር ኖሮኝ አያውቅም።

ባሌ ሠዓሊ ነው። የአበባና የተራራ ሠዓሊ እንዳይመስላችሁ፤ አርባ ዓመት ሙሉ ብሩሹ ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሌላ አልነካም። አንዴ አንድ ባለሆቴል የምግብ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ዓሣ እንዲስልለት ቢለምነው «ዓሣ ካማረህ ወንዝ ሂድ» ብሎ ሸኝቶታል። የሚሠራው ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ አይደለም። ጓሯችን ካለው ሰፊ ክፍል ጨርቅ ላይ ይሠራና ሲያልቅ ተጠቅልሎ ሄዶ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ጨርቁ የእኔ ድርሻ ነው። አቡጀዲውን ጎን ለጎን ሰፍቼ፣ ኮላ አጠጥቼ፣ በጀሶ ለስኜ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ አስረክበዋለሁ። ስፌቴ ከቀለሙ ሥር ይቀራል፤ ማንም አያየውም። ግን እዚህ ከተማ ካሉት ቅዱሳን ግማሾቹ የቆሙት በእኔ መርፌ ላይ ነው።

ሥራው ሕግ አለው። ልብሱ፣ እጁ፣ ክንፉ፣ ዙፋኑ ይቀድማል፤ ፊት የመጨረሻ ነው። ፊት ሊጀምር ሲል ሦስት ቀን ከሰው አይነጋገርም፤ ከእኔም ጭምር። እሱ እንደ ጾም ይቆጥረዋል፤ የምጾመው ግን እኔ ነኝ። ፊቱን ደግሞ ከራሱ አያመጣም። ከመምህሩ የወረሰው በመርፌ የተበሳሳ የወረቀት ንድፍ አለ። ወረቀቱን ጨርቁ ላይ ዘርግቶ በቋጠሮ የከሰል ዱቄት መታ መታ ያደርግበታል፤ ነጥቡ ይቀራል፤ እሱም ነጥቡን ተከትሎ ይሄዳል። «ሰው የሚንበረከክለት ፊት የጎረቤት ፊት መሆን የለበትም» ነው የሚለው። ከዓመታት በፊት አብሮት ይሠራ የነበረ ጎበዝ ሠዓሊ የእጮኛውን ዓይን ለመልአክ ሰጥቶ ቢያገኘው ብሩሹን ተቀብሎ በሩን አሳየው። ሰውየው አለቀሰ፤ እኔም ገብቼ ለመንኩለት። «የሴት ጓደኛውን ሕዝብ እንዲሰግድላት ካቆመ ሠዓሊ አይደለም» ብሎ እምቢ አለኝ። ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩት፤ ንቅንቅ አላለም።

ለአዲሱ ቤተ ክርስቲያን ትልቋን እመቤታችንን እየጨረሰ ሳለ ነው ጉዱ የመጣው። ፊቷ ብቻ ቀርቶ ነበር። የአሠሪው ኮሚቴ ሰኞ መጥቶ ሊያይ ቀጠረ። እኔ ደግሞ እንግዳ ይመጣል ከተባለ እጄ አርፎ አይቀመጥም። ሐሙስ ዕለት እሱ ፀጉሩን ሊቆረጥ ሲወጣ ሥራ ክፍሉ ገባሁ። የቀለም መደርደሪያውን እንዳልነካ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያስጠነቅቀኝ ነው የኖረው። ድሮ እንዲህ አልነበረም። እርጅናና ንጭንጭ አብረው ይመጣሉ ብዬ ነበር የተውኩት። ጣሳዎቹ ሁሉም የወተት ዱቄት ጣሳዎች ናቸው፤ አንዱ ከሌላው በመልክም በቁመትም አይለይም። አውርጄ አፋቸውን በነዳጅ ጠራርጌ፣ ጣውላውን ወልውዬ መልሼ ደረደርኳቸው። እንዴት እንደነበሩ ማን ያስታውሳል? ጠቆር ያለውን ከጠቆር ያለው ጋር፣ ደማቁን ከደማቁ ጋር፣ ለዓይን ደስ እንዲል አድርጌ። ራሴን ጎበዝ ብዬ ወጣሁ።

ዓርብ በጠዋት ገብቶ በሩን ዘጋ። ቀኑን ሙሉ ምሳውን እንኳ በበሩ ስንጥቅ ነው የተቀበለኝ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጠራኝ። ፊት ሲጨርስ መጀመሪያ የሚያየው የእኔ ዓይን ነው፤ ይሄም ሕግ ነው። እጄን በሽርጤ እየጠረግኩ ገባሁ።

ክው አልኩ።

የእመቤታችን ፊት አረንጓዴ ነው። ትንሽ አረንጓዴነት ያለው አይደለም፤ ያልበሰለ ሎሚ ነው። ጉንጯ ላይ ቀይ መሆን ያለበት ቦታ ሰማያዊ አርፎበታል። ከንፈሯ ጠቁሯል። ልብሷ፣ እጇ፣ ሳምንታት የፈጀበት የዙፋኑ ጌጥ ሁሉ ባለበት ነው፤ ከዚያ ሁሉ ውበት መሃል ሰባት ቀን የቆየ አስከሬን የመሰለ ፊት ያየኛል። እሱ ደግሞ አጠገቡ እጁን አጣምሮ፣ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል። እንደ ሁልጊዜው ቃሌን ይጠብቃል።

መጀመሪያ ቀልድ መሰለኝ። ግን ይህ ሰው በዚህ ሥራ አይቀልድም። ከዚያ አእምሮው የተነካ መሰለኝና በርጩማው ላይ ቁጭ አልኩ።

«ምነው ዝም አልሽ?» አለኝ። «አንቺ ዝም ስትዪ አላውቅም።»

«ፊቷን ምን አደረግከው?» አልኩት።

«ምን አደረግኩት?»

«አረንጓዴ ናት እኮ።»

«ማን?»

«እሷ ናታ፤ ከእኔና ካንተ ሌላ እዚህ ማን አለ?»

የእሱ ፊት ደግሞ በተራው ሲገረጣ አየሁ። ወደ ሥዕሉ አልዞረም። በቀጥታ ወደ መደርደሪያው ሄዶ ጣሳዎቹን ከዳር ጀምሮ በጣቱ ጫፍ እየነካካ መቁጠር ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አራተኛው ላይ ቆመ። ከዚያ እንደገና ከአንድ ጀመረ። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሬው ስኖር ቀለም በጣቱ ሲቆጥር አይቼ አላውቅም። ሰው ቀለም በዓይኑ አይደል እንዴ የሚመርጠው?

«ማነው የነካው?» አለ። ድምፁ የእሱ አይመስልም።

ተነስቼ አንዱን ጣሳ አንስቼ ፊቱ ላይ ደቀንኩበት። «ይሄ ምን ቀለም ነው?»

አንገቱን ወደ ጎን ዘወር አደረገ፤ ዶሮ መሬት ላይ ያለ እህል ስታይ እንደምታደርገው ዓይነት። «ቡናማ» አለ።

አረንጓዴ ነበር። ጣሳው ከእጄ ወድቆ ወለሉ ላይ ተንከባለለ፤ ለማንሳት የጎነበሰ የለም።

ከዚያ ተቀመጠና ነገረኝ። ረጋ ብሎ፣ የሌላ ሰው ታሪክ የሚያወራ ይመስል። ሁለት ዓመት አልፎታል። የዓይኑ መሃል ነው የጠፋው። ጎን ጎኑን ያያል፤ በሩን ያያል፣ ወንበሩን ያያል፣ መንገድ ላይ ጉድጓድ ይዘላል። ትኩር ብሎ ያየው ነገር ግን ይጠፋበታል፤ ቀለምም ይምታታበታል። «ሰው ፊት ለፊቴ ሲቆም ጆሮና ትከሻ አለው» አለኝ፤ «ፊት የለውም።»

«የእኔስ?»

«ያንቺም።»

ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ፤ አዘንኩ ብል ዋሸሁ። ደሜ ነው የፈላው። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል፤ እኛ ለካ ሁለት ዓመት ከሁለት ጉድጓድ ስንቀዳ ነው የኖርነው። ጋዜጣውን «ድምፅሽ ደስ ይለኛል፣ አንብቢልኝ» ሲለኝ እየተሽኮረመምኩ አነበብኩለት። ጎረቤት «ባልሽ ኮርቷል፤ ሰላም ስንለው ያልፈናል» ሲሉኝ ስንቱን ሰድቤ መለስኩ። አዲስ ቀሚስ ለብሼ ስወጣ «ያምርብሻል» ሲለኝ አምኜው፣ ለእህቴ ሳይቀር ደውዬ ነግሬያታለሁ። ይሄን ሁሉ ሲያደርግ የሚያየው ጆሮዬንና ትከሻዬን ነበር።

«ማን ያውቃል?» አልኩት።

ጣቶቹን በነዳጅ ጨርቅ መጥረግ ጀመረ።

«ማን ያውቃል አልኩህ?»

«ልጃችን።»

ልጃችን መሃል ከተማ መነጽር ቤት ነው የምትሠራው። ሽርጤን ሳልፈታ ሄድኩ። ለአንዲት ሴትዮ መነጽር እያስሞከረች ነበር፤ ስታየኝ ገና ከበሩ አወቀች፤ መስታወቱን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ወሰደችኝ።

«እማዬ፣ ቀስ ብለሽ ተናገሪ፤ ደንበኛ አለ።»

«ደንበኛሽ ትስማ። አባትሽ ሲታወር እኔ ምንሽ ነኝ? የቤት ተከራይ?»

«አስምሎኝ ነው። ሐኪም ጋ ወስጄዋለሁ፤ ሁለት ቦታ ወስጄዋለሁ። የሚመልሰው ነገር የለም አሉ።» ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ግን ምላሷ የእኔ ልጅ ምላስ ነው፤ «ደግሞ ለአንቺ ብነግርሽ፣ እማዬ፣ እውነቱን እናውራ፤ በማግስቱ ከተማው ሁሉ ይሰማው ነበር። ማን ሥዕል ያዝዘው ነበር ከዚያ በኋላ?»

ልጅ እናቷን እንዲህ አድርጋ ስትነግራት የሚያናድደው እውነት ሲሆን ነው። የመጣሁበትን መንገድ በእግሬ ተመለስኩ፤ ማን ሰላም እንዳለኝም አላስታውስም።

ቤት ስገባ የሠራውን ፊት በጨርቅና በነዳጅ እየጠረገ ነበር። ጨርቁን ተቀብዬው ቆሜ መጥረግ ጀመርኩ። እየጠረግኩ «ለምን ደበቅከኝ?» አልኩት፤ እንደ ልጄ ስለ ምላሴ የሚያነሳብኝ መስሎኝ ነበር።

«አንቺ የማትዋሺ ሰው ነሽ» አለኝ። «ብታውቂ ታዝኚልኛለሽ። ካዘንሽልኝ ትዋሺኛለሽ። ከዚያ በኋላ የሠራሁት ነገር ጥሩ ይሁን መጥፎ የሚነግረኝ ሰው በምድር ላይ አይኖርም።»

ያን ጊዜ ነው ሌላው ነገር የመጣብኝ። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ውስጥ ጨርሶ ያስረከበው አንድ ትልቅ ሥዕል አለ፤ እኛው ቤተ ክርስቲያን በሴቶች በኩል ከፍ ብላ ያለችው እመቤታችን። ከሠራቸው ሁሉ ሰው እንደ እሷ የወደዳት የለችም። ከሩቅ ሰፈር ሳይቀር ይመጡላታል። አንዲት ልጇ የታመመባት ሴት በየቀኑ ከሥሯ ትንበረከካለች፤ አውቃታለሁ፤ ገብስማ ሻርፕ ነው የምትለብሰው። ያቺን ፊት ታዲያ በምን ዓይኑ ሠራት?

ጠየቅኩት። ነጥቡን ማየት አልቻለም፤ የወረቀቱም ቀዳዳ ደቃቅ ስለሆነ ለጣት ምንም አይናገርም፤ ቀለምም ሲደርቅ ለጣት አንድ ነው። ስለዚህ ልክ ያስፈልገው ነበር፤ የሚዳሰስ ልክ። ከቅንድብ እስከ አፍንጫ ሥር ስንት ጣት፣ ከአፍንጫ እስከ አገጭ ስንት ጣት።

«ከማን ወሰድከው?» አልኩት።

«ካንቺ» አለኝ። «ጠዋት ጠዋት።»

እንዴት ልበላችሁ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ይህ ሰው ጠዋት ከአልጋ ሳንነሳ ፊቴን መዳበስ ጀምሮ ነበር። በአውራ ጣቱ ቅንድቤን፣ አፍንጫዬን፣ ጉንጬን ቀስ ብሎ። እኔ አሮጊቷ በስተርጅና ፍቅር መጣልኝ ብዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ትንፋሼን ውጬ እተኛ ነበር። ለካ እንደ አናጢ ሲለካኝ ነው። ከንዴቴ ብዛት ሳቄ መጣ። እሱ ግን አልሳቀም።

«ልኩን ብቻ ነው የወሰድኩት» አለ። «መልኩ የንድፉ ነው፤ በራሴ ውስጥ አለ፤ አርባ ዓመት ሠርቼዋለሁ። እንደዚያ መሆን አለበት። ግን አይቼው አላውቅም። ሰው ሁሉ ቆንጆ ናት ይለኛል፤ የሰው ምስጋና ምን ያደርግልኛል? ሂጂና ቅረቢያት። ከታች ሆነሽ አይደለም፤ ወጥተሽ እያት። የንድፉ ፊት መሆኗን ንገሪኝ። አንቺ ካልሽ አምናለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። ቄሱ ብቻቸውን መብራት እያስተካከሉ ነበርና መሰላሉን እንዲያውሱኝ ጠየቅኳቸው። «ምን ልታደርጊ ነው?» አሉ። «ስፌቴ ለቆ እንደሆነ ላየው ነው» አልኩ፤ ስፌቱንም ማየቴ ስለማይቀር ውሸት አልመሰለኝም። ያቺ ገብስማ ሻርፕ የለበሰች ሴት ጥግ ላይ ተንበርክካለች። ደረጃ በደረጃ ወጣሁ። ሥዕሉ ያለበት ቦታ ጨለም ያለ ነው፤ ከታች ሆኜ ሁልጊዜ የማየው የፊቷን ብርሃን ብቻ ነበር። የመጨረሻው ደረጃ ላይ ስደርስ ቀና አልኩ።

እኔ ነኝ።

የምትመስለኝ አይደለችም። እኔ ነኝ። ልጅ ሆኜ ከደረጃ ወድቄ ግራ ቅንድቤ ተሰብሯል፤ አጥንቱ ላይ ጎድጎድ ያለ ነገር አለ፤ የግራ ዓይኔም ከቀኙ በስንዴ ፍሬ ያህል ዝቅ ይላል። እሷም ቅንድቧ ተሰብሯል፤ ዓይኗም ዝቅ ብሏል። ጥርሴ ከወለቀ ወዲህ የጎደጎደው ጉንጬ፣ ሁሉን ነገር «አይሆንም» የሚል የሚመስለው አገጬ፣ አለ። መስታወት ፊት የቆምኩ መሰለኝ፤ መስታወት ግን በዚህ ማዕረግ አሳይቶኝ አያውቅም። ይቺ ምላጭ የሚሏት፣ ጎረቤቷን ስታስለቅስ የኖረች ሴት፣ ወርቅ አክሊል ደፍታ እዚህ ላይ ቆማ፣ ሕዝብ ከሥሯ ይደፋል። የራሴን ሥዕል ስሳለም ኖሬያለሁ። ባለፈው ዓመት ባሌ ሲያመው «እባክሽ ማሪልኝ» ብዬ እንባዬን ያፈሰስኩት ለራሴ ነው።

ወደ ታች ስመለከት ያቺ ሴት ቀና ብላ ታያለች። እኔን አይደለም፤ ከእኔ አልፋ እሷን። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። በሕይወቴ እንደዚያ ያየኝ ሰው የለም፤ የምትመለከተው ግን የእኔን ፊት ነበር።

ቤት እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። በሩ ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነበር። በመንገድ ላይ ብዙ አስቤ ነበር፤ ግን ምላሴ ልማዱን አለቀቀም።

«እኔ ነኝ» አልኩት። «ከነቅንድቤ፣ ከነዓይኔ። ጎረቤት ሁሉ አይቷት ሳይናገር የቀረው ዓይን ስለሌለው ነው። እኔን ነው የሣልከው።»

ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ ያባረረውን ያንን ሠዓሊ በስሙ ጠራው፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ስሙን ሲያነሳ ሰምቼው አላውቅም። «እሱ ዓይን ብቻ ነው የሰረቀው» አለ። ተነስቶም የጀሶ መፋቂያ ቢላውን ከመሣቢያ አወጣ። «ነገ እሑድ ነው። ሕዝቡ ነገ እሷ ፊት አይንበረከክም።»

ለመንኩት። ለራሴ ብዬ ሰው ለምኜ አላውቅም። አልሰማኝም። ክንዴን ይዞ ወጣ፤ መንገድ ላይ በክንዴ ተመርቶ ሲሄድ የመጀመሪያው ቀን ነው፤ ከእንግዲህ የሚደብቀው ነገር የለውማ። ለቄሱ ሁሉንም ራሱ ነገራቸው፤ ዓይኑንም፣ ፊቱንም። ቄሱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆሙ። ደጋግመው ያዩኛል፤ ወደ ሥዕሉ ያያሉ፤ እንደገና ያዩኛል። «ሕዝቡ እኮ ወዷታል» አሉ መጨረሻ ላይ፤ «የሚያየው እመቤቱን ነው።»

«አባ፣ እጄ ነው የሠራው፤ እጄ ያንሳው» አላቸው። ዕድሜውን ሙሉ የኖረበትን ነገር ተናግሮ ጨረሰ። ቄሱ ጎንበስ ብለው ፈቀዱ።

ወደ እኔ ዞሮ «መሰላሉን አቁሚልኝ» አለኝ።

ያቺ ሴት አሁንም አልሄደችም። የምንነጋገረውን ሰምታለች። ሻርፗን አገጯ ላይ ጭብጥ አድርጋ ብቻ መሰላሉን ታያለች። መሰላሉን አነሳሁት። ከባድ ነው፤ ቄሱ ሊያግዙኝ መጡ፤ በዓይኔ ተዉኝ አልኳቸው። አቆምኩት። ፊቷ ካለበት ሁለት ክንድ ወደ ቀኝ፣ ምንም ነገር የሌለበት ሰፊ ሰማያዊ ሰማይ ላይ።

ወጣ። እኔ ከሥሩ ሆኜ መሰላሉን ያዝኩ።

«የት ነኝ?» አለኝ ከላይ። ግራ እጁ ጨርቁ ላይ ይዳስሳል።

«ትንሽ ከፍ በል።»

«ቅንድቧ የት ነው?»

«ከጣትህ በላይ። እዛው። እዛው ነው።»

ቢላውን አሳረፈ። ፍቅፍቅታው ጥርሴን ነዘረኝ። ሰማያዊ ቅርፊት ፀጉሬ ላይ፣ ትከሻዬ ላይ መዝነብ ጀመረ። እሱ እየፋቀ ያለቅሳል፤ ድምፅ አያሰማም፤ ትከሻው ነው የሚነግረኝ። ምናልባት ሃያ ደቂቃ ይሆናል። ቄሱ አንዴ አፋቸውን ከፈቱ፤ አየኋቸው፤ ዘጉት። ሴትየዋ ቀስ ብላ መሬቱን ሳመች።

«ጠፋች?» አለኝ።

«ጠፋች» አልኩት።

ከአፌ ሲወጣ እንዴት ቀላል እንደነበር ሳስበው አሁንም ይዘገንነኛል። ለእሱ አዝኜ ነው? ለዚያች ሴት ነው? ወይስ ያን ቢላ በራሴ ፊት ላይ ማየት አቅቶኝ ነው? ሆድ ያውቃል ይባላል፤ የእኔ ሆድ ግን አያውቅም።

ሰኞ ኮሚቴው ሲመጣ ስለ ዓይኑ ነገራቸው። የአዲሲቷን ፊት ሌላ ሠዓሊ ከእሱ ንድፍ ላይ ሠራው፤ ጥሩ ነው፤ ማንንም አይመስልም። የእኛው ቤተ ክርስቲያን ሰማይ ላይ ያለውን ጠባሳ የጠየቀ ሁሉ ከቄሱ «እርጥበት ነው» የሚል መልስ ያገኛል። ባሌ ቀለል ብሎት ሰነበተ። ብሩሾቹን አላስቀመጠም፤ የልብስ እጥፋት፣ የመጋረጃ ጠርዝ በትልቁ እየሠራ እጁን ያፍታታል። ጣሳዎቹን በእሱ አደራደር መለስኩለት። ፊቴን ግን ከዚያ ወዲህ አልዳሰሰም።

ከወር በኋላ ምሳ እየበላን ሳለ ድንገት «ያቺ ልጇ የታመመባት ሴት፣ አሁንም ትመጣለች?» አለኝ።

«ትመጣለች» አልኩ፤ ሳላስብ ነው የመለስኩት።

«የት ትንበረከካለች?»

«እዛው ቦታዋ።»

«ታለቅሳለች?»

«እንደ ወትሮዋ ነች።»

የቆረሰውን ዳቦ ሳህኑ ላይ መለሰው። አንገቱን ዘወር አድርጎ በዓይኑ ጠርዝ ሊያየኝ ሞከረ።

«ፊት በሌለው ጨርቅ ፊት» አለ። «እንደ ወትሮዋ።» ቆየት ብሎ ደግሞ፣ ቁጣም ሐዘንም በሌለበት ድምፅ፣ «ባዶ ግድግዳም ይበቃቸው ነበር ማለት ነው። ታዲያ እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ምን ስሠራ ነው የኖርኩት?»

አፌን ከፈትኩ። የምመልስለት እውነት ነበረኝ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ግን እሱን ካወጣሁ መሰላሉ ሥር የዋሸሁትም ተከትሎ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ይህ ሰው በምድር ላይ የሚያምነው አንድም ሰው አይኖርም። ምላጭ የሚሉኝ ሴትዮ ቁጭ ብዬ ሳህኔ ላይ ያለውን ወጥ ሳማስል ቆየሁ።

ሲነሳ ብሩሾቹን ሰብስቤ ለዚያ ላባረረው ሠዓሊ እንድልክለት ነገረኝ። በማግስቱ በጨርቅ ጠቅልዬ ላክሁለት።